«በቴሌግራም እንልክላቸዋለን» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የሥዕል ተማሪዎቹን ሐረር ወስዶ ኤግዚቢሽን ሊያሳያቸው የነበረውን ጉዞ ሰርዟል። ሰዓት ይባክናል፣ ወጪም አለ ተብሏል። የገንዘቡን ነገር ልቀበል። ያበሳጨኝ ለወላጆች የተሰጠው ማጽናኛ ነው፦ «ሥዕሎቹን በቴሌግራም እንልክላቸዋለን፤ ያው ነው።»

ያው አይደለም! አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው። ስልክ ላይ ግን መዳፍ አያክልም። ልጁ ያንን አይቶ ስለ ግዝፈት ምን ይማራል? ሸራ ላይ ቀለም ይወፍራል፣ ይሳሳል። ጠጋ ብለው ከጎን ሲያዩት ብሩሹ የሄደበት መንገድ ይታያል። ሠዓሊው የቱ ጋ እንደቸኮለ፣ የቱን ደግሞ ደጋግሞ እንደሸፈነ ያስታውቃል። ተማሪ ሙያውን የሚቀስመው ከዚያ ነው። ስልክ ይህን ሁሉ ደፍጥጦ ያጠፋዋል። ቀለሙም አይታመንም። አንዱ ስልክ ላይ ቀይ የሆነው ሌላው ላይ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። መምህሩ የትኛውን ቀይ ያስተምር?

ቀይን ካነሳን አይቀር፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ አንድ «ጌ ጋር» ማለትም ባህላዊ የሐረሪ ቤት ይግቡ። ወለሉና ነደባው፣ ማለትም የሚቀመጡበት መደብ፣ በቀይ አፈር ይቀባል። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ከላዩ ግድግዳው በስፌት ተሞልቷል። ቀለም ከቀለም ጎን ሲውል ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያስተምር ክፍል የት አለ? ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥም 40 ኪሎ ግራም ገደማ ለቀለም የሚሆን ቀይ ድንጋይ ተገኝቷል፤ ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። እዚህ አገር ሰው ቀለም መፍጨት የጀመረው ያኔ ነው፣ ወይም ከዚያም በፊት። የዛሬዎቹን ልጆች ግን ስልክ ላይ አፍጥጡ እንላቸዋለን።

ሰዓት ይባክናል የሚለውማ አያስኬድም። በደንገጎ በኩል ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። ለኳስ ውድድር ሲሆን መኪናውም ሰዓቱም ይገኛል፤ ለሥዕል ሲሆን ነው የሚጠፋው።

ኤግዚቢሽኑ ገና አልተዘጋም። ቅዳሜ ትምህርት የለም። ገንዘብ ካነሰ ወላጅ መዋጮ ይጠየቅ፣ እኛም እናዋጣለን። ልጆቹን ውሰዷቸው።