ሠዓሊዋን ከሥዕሏ የሚያድኑ ተመልካቾች

የሐዋሳ የሥዕል ተመልካች ከሚመሰገንባቸው ጠባዮች ሁሉ የሚልቀው፣ ሴት ሠዓሊ በቀለም የተናገረችውን በፍጹም አክብሮት ወደ ሌላ ነገር የመለወጥ ችሎታው ነው።

ሰሞኑን ከሐይቁ ዳር በሚገኝ አዳራሽ ሥራዎቿን ያሳየች አንዲት ወጣት ለዚህ ችሎታ ሰፊ ዕድል ሰጥታለች። በአንደኛው ሥዕል ከረባት ያሰረች ጀበና በሰብሳቢው ወንበር ተሰይማ ቃለ ጉባኤ ታጸድቃለች፤ ሙሉ ልብስ የለበሱ ወንዶች ደግሞ ሲኒ አክለው ረከቦት ላይ ተደርድረዋል። አንድ የተከበሩ አባት ሥዕሉን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ለረጅም ጊዜ ከመረመሩ በኋላ፣ «የሲዳማ ቡና እንዲህ ሲተዋወቅ ደስ ይላል፣ ልጄ» አሏት። ስለ ወንበሩ ልታስረዳቸው አፏን ስትከፍት፣ እርሳቸው ቀድመው ስለ ቡና ኤክስፖርት አስረዷት። እንዲህ ያለ ለጋስነት በሌላ ከተማ መገኘቱን እጠራጠራለሁ።

በሌላው ሥዕል አንዲት እንጨት ተሸካሚ ጎብጣ ዳገት ትወጣለች፤ በጀርባዋ ያለው ግን ጭራሮ ሳይሆን ሶፋ ነው፤ ሶፋው ላይም አንድ ጎልማሳ ተንፈላሶ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ርእሱ «አይዞሽ፣ ደርሰናል» ይላል። አዳራሹ በአንድ ድምፅ የእናትን ጥንካሬ አደነቀ። ስለ ሶፋው የጠየቀ አልነበረም፤ ስለ ተቀማጩ ማንሳትማ ነውር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ጎሪላ ገርልስ የተባለው የሴት አርቲስቶች ቡድን በጎሪላ ጭምብል ተሸፍኖ በቀልድ መሞገትን መረጠ፤ በ1989 ባወጣው ፖስተርም በሜትሮፖሊታን ሙዚየም የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ክፍሎች ሴት አርቲስቶች ከ5 በመቶ በታች ሲሆኑ፣ እርቃናቸውን ከተሣሉት ግን 85 በመቶው ሴቶች መሆናቸውን ቆጥሮ አስነበበ። ምስኪኖቹ ጭምብል ያስፈለጋቸው ሐዋሳን ስላላወቁ ነው። እዚህ ፊታቸውን ገልጠው ቢመጡም የሚጠየቁት «ባለቤትሽ ምን ይላል?» ብቻ ነበር።

መደነቃችንም አያረጅም። ሠዓሊት ደስታ ሐጎስ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው የግል ዐውደ ርእያቸውን ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1969 ቢሆንም፣ እኛ ዛሬም «ሴት ሆና እንዲህ መሣሏ!» የምንለው ወሬው ገና አሁን እንደ ደረሰን ሆነን ነው።

ጀበናዋ ገዢ አግኝታለች። አንድ የሥራ ኃላፊ ዋጋ ሳይከራከሩ ገዝተዋት፣ ለሴት ሠራተኞቻቸው ማበረታቻ እንድትሆን ከሻይ ክፍሉ በር በላይ እንድትሰቀል አዝዘዋል።