ማስተካከያ፦ ቀይ የሆነው የሞተው ነው

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ስለ ጉበት ሃይዳቲድ ሲስት (ከውሻ የሚመጣ የኮሶ ዓይነት ትል እጭ ጉበት ውስጥ የሚሠራው ፈሳሽ ያዘለ ከረጢት) ስጽፍ አንድ ነገር ገልብጫለሁ። በቀዶ ሕክምና መሃል ከሲስቱ በተቀዳው ፈሳሽ ላይ ኢዮሲን የተባለው ቀይ ማቅለሚያ ሲጨመር "ቀይ የሆኑት የትሉ ጭንቅላቶች ሕያዋን ናቸው" ብዬ ነበር። እውነቱ ተቃራኒው ነው።

የነገረችኝ እዚሁ ከተማ የምትሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ የፓራሲቶሎጂ መማሪያ መጽሐፍም አገላብጬ አረጋገጥኩ። ከፈሳሹ ጠብታ ስላይድ ላይ ይደረጋል፣ ኢዮሲን ይጨመርበታል፣ በደቂቃዎች ውስጥ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የትሉ ጥቃቅን ጭንቅላቶች ዙሪያቸውን መንጠቆ አላቸው፤ እሾሃማ አክሊል የደፉ ይመስላሉ። ሕያው የሆነው ቀለሙን አያስገባም። የሞተው ነው የሚቀላው።

ስህተቱ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ሕያው ጭንቅላት ያለበት ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ እዚያው ሌላ ሲስት ሊያበቅል ይችላል። የእኔን ጽሑፍ የተከተለ ሰው አደገኛውን "ሞቷል" ብሎ ያልፈዋል።

በዚያው፣ ጭንቅላት አለመታየቱ ብቻውን "ሃይዳቲድ አይደለም" አያሰኝም፤ ጭንቅላት የሌላቸው ሲስቶችም አሉ። የእርድ ሆድ ዕቃ ለውሻ አትጣሉ ያልኩት ግን እንዳለ ነው፤ የባሕር ዳር ውሾች ቅር ቢላቸውም። የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ።