ለኤ አዳኞች የቀረበ ውዳሴ

ሰሞኑን የምርጫ ኮርስ ምዝገባ ነው፤ ተማሪው ከተደረደሩት ኮርሶች ራሱ የሚመርጥበት። ዩኒቨርሲቲ በር አካባቢ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው የምለው ይገባዋል። ካፌው በሙሉ የደኅንነት ቢሮ ሆኗል። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ መረጃ ይለዋወጣል። «እሱ ነው የሚሰጠው?» «እርግጠኛ ነህ?» «ባለፈው ባች ስንት ኤ ወጣ?»

ባለፈው ሳምንት አጠገቤ ሦስት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ተቀምጠው ነበር። ሁለቱ ሲኒየሮች ናቸው። አንዷ ገና ምርጫዋን ያልሞላች ልጅ ናት። ልጅቷ በሰው መሀል፣ ምንም ሳታፍር፣ «ሌበር ኢኮኖሚክስ ግን ምን ምን ይዟል?» ብላ ጠየቀች።

አንደኛው ሲኒየር ማማሰሉን አቆመ። «ኤግዚት ላይ አይወጣም» አላት፤ የመውጫ ፈተናውን ማለቱ ነው። ሁለተኛው «መምህሩም ደረቅ ነው፣ ኤ አይሰጥም» ሲል አከለ። ልጅቷ አልገባትም። «እሺ፣ ግን ስለ ምንድን ነው?» አለች። ተያዩ። ከዚያ ሳቁባት።

መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ግን ሳስበው እነዚህ ልጆች ስድብ ሳይሆን ምስጋና ነው የሚገባቸው። አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሮ ኢኮኖሚክስ ሳይነካህ መውጣት እኮ ቀላል አይደለም። ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሳይረጥቡ እንደመመለስ ነው። ጥበብ ይጠይቃል። ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ጥሩ ሲኒየር ይጠይቃል።

ኢኮኖሚክስ ውስን ሀብት እንዴት እንደሚመደብ ያጠናል፤ ፍሬሽማን ላይ የመጀመሪያው ሃንድአውት የሚለው ይህንን ነው። ታዲያ ነገሩ ከእነሱ በላይ ለማን ገባው? ሀብቱ ጉልበት ነው። ግቡ ኤ ነው። መሀል ላይ የሚገኘው እውቀት ወጪ ነው። ወጪ ደግሞ ይቀነሳል።

ከሁሉም የማደንቀው ግን አንድ ዓይነት ልጅ አለ። በየዶርሙ አንድ አይጠፋም። ጓደኞቹ «ተንታኙ» ይሉታል። ኢኮኖሚን በስታቲስቲክስ የሚለካው ኢኮኖሜትሪክስ ላይ ዲ ነው ያገኘው፤ እሱም በልመና። ሪግሬሽን ሲባል ሆዱን ይቆርጠዋል። የምዝገባ ሳምንት ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ላፕቶፕ ይዋሳል። ኤክሴል ይከፍታል። ያለፉትን አምስት ባቾች ውጤት በየሴክሽኑ ይሰበስባል። የአገሪቱ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ዳታ ቢኖራቸው የት በደረስን!

የሚገመተው ነገር ኤ ነው። መገመቻዎቹ ብዙ ናቸው። የመምህሩ ዕድሜ። ያገባ ነው ወይስ ላጤ። የሚደግፈው የእንግሊዝ ክለብ በሚድ ፈተና ሰሞን አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ። ፕሮጀክተሩ ይሠራል ወይ፤ ምክንያቱም ፕሮጀክተሩ ሲበላሽ ሰውዬው ቦርድ ላይ ይጽፋል፣ ቦርድ ላይ ሲጽፍ ወገቡን ያመዋል፣ ወገቡን ሲያመው ቢ ይበዛል። ደሚ ቫሪያብልም አለው፦ መምህሩ የውጭ ስኮላርሺፕ እየጠበቀ ከሆነ አንድ፣ ካልሆነ ዜሮ። ይቺ ደሚ የሥራው ሁሉ ዘውድ ናት። ቪዛ የሚጠብቅ መምህር ፈተና ለማረም ጊዜ የለውም። ስለዚህ በጅምላ ይሰጣል። ተንታኙ ይህንን ግኝት ሲናገር ዓይኑ ያበራል።

ችግርም ገጥሞታል። አንዱ መምህር በአንድ ሴሚስተር ልጅ ወለደ፣ ቤትም ቀየረ። የቢ ብዛት የመጣው ከእንቅልፍ ማጣት ነው ወይስ ከኪራይ? ሁለቱ ተጣብቀው አልለያይ አሉት። የኢኮኖሜትሪክስ መምህሩ ይህንን የምክንያቶች መጣበቅ፣ መልቲኮሊኒያሪቲን፣ ሦስት ሳምንት አስተምሮት አልገባውም ነበር። አሁን በአንድ ሌሊት ገባው። በማግስቱ ጥበቃውን አነጋገረ። ፎቶኮፒ ቤቷን አነጋገረ። ላውንጅ የሚሠራውን አስተናጋጅ ሻይ ጋብዞ አነጋገረ። ናሙናው እንዳያዳላ ተጠንቅቋል፤ መምህሩን የሚወዱትንም የሚጠሉትንም ጠይቋል። የአንዱ ባች ውጤት ከሌሎቹ አፈንግጦ ሲያገኘው ዝም ብሎ አልሰረዘውም። ምክንያቱን ፈለገ። ያን ሴሚስተር መምህሩ ከዲፓርትመንት ኃላፊው ጋር ተጣልቶ እንደነበር ደረሰበት። ማስታወሻ ጻፈበት።

የግለሰብን ምርጫ ወደሚያጠናው ማይክሮ ኢኮኖሚክስ እንለፍ። የጠዋት ክላስ ቁርስ ያስቀራል፤ ስለዚህ ኦፖርቹኒቲ ኮስቱ፣ ማለትም ለእሱ ሲባል የሚቀረው ነገር፣ አንድ ፍርፍር ነው። ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ለጌጥ ነው። የደረጃው ዋጋ ስንት ነው? ተንታኙ ላግራንጅ የሚባለውን ስሌት ጻፈ። ኤውን ከፍ ማድረግ፣ በቁርስና በደረጃ ገደብ ውስጥ። ፈታው! ፈተና ላይ ላግራንጅ ሲመጣ ስሙን ብቻ ጽፎ የወጣ ልጅ፣ የአንድ ፎቅ ደረጃን ስውር ዋጋ በፍርፍር ተምኖ አስቀመጠ። ከዚያም ዶርም ውስጥ ቆሞ ውጤቱን አቀረበ። የተኙት ተነስተው አጨበጨቡ።

«እና የኮርሱ ስም ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።

አሰበ። «ከሰዓቷ» አለ።

ይኸው ልጅ ለመመረቂያ ጽሑፉ «የቤተሰብ ቁጠባ ወሳኝ ምክንያቶች» የሚለውን ርዕስ መርጧል። ባለፈው ዓመትም ነበረች። ካቻምናም ነበረች። የከተማዋ ስም ብቻ ይቀየራል። የኢትዮጵያ ቤተሰብ በቁጠባው ጉዳይ እንዲህ ተጠንቶ እንዴት እስካሁን እንዳልከበረ ይገርመኛል። ያችን የኤክሴል ፋይል ቢያስገባ ኖሮ እኮ ኤው በራሱ ጊዜ ይመጣለት ነበር። ግን ማን ይነግረዋል? አድቫይዘሩም ርዕሷን ይወዳታል። ካሁን በፊት አንብቧታላ።

የሌሎቹን ብልሃትም አልዘነጋም። ሰቃዩ፣ ማለትም ጎበዙ ተማሪ፣ የሄደበት የሚሄዱ አሉ። ሰቃዩ ለስታቲስቲክስ ፍቅር ብሎ አንድ ኮርስ ይመርጣል፤ ሰባት ሰው ፍቅር ይዞት ይከተላል። የግሩፕ አሳይመንት ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ ሰባቱ ሽፋኑ ላይ ስማቸው በትክክል መጻፉን ያረጋግጣሉ። ምን አለበት፣ እሱም ቁጥጥር ነው።

አጎቶችንም እናመስግን። እያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ «ኢኮኖሚክስ ማለት ባንክ ነው፤ ዝም ብለህ ጨርስ» የሚል አጎት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ የመጀመሪያው ደንጋጭ እሱ ነበር። ለወንድሙ ልጅ ደወለ። «አንተ የተማርከው ይሄንን አይደል? ብር ለምን ወረደ?» ልጁ ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስለ ገንዘብ የሚያስተምረውን መኒተሪ ኢኮኖሚክስን ግን «ማት ይበዛዋል» ተብሎ ዘሎታል። «ገበያ ነዋ፣ ጋሼ» አለ። አጎት «አይ፣ መማር ደግ ነው» ብሎ ዘጋ።

ለአንዳንድ ዲፓርትመንቶችም ክብር ይድረሳቸው። ካሪኩለሙ ላይ የምርጫ ኮርሶች ተደርድረዋል። አንብባችሁ ትጎመጃላችሁ። ምዝገባ ላይ ስትደርሱ የተከፈተው አንድ ነው። «መምህር የለም።» «ተማሪ አልሞላም።» «ሁላችሁም ይሄንን ውሰዱ።» ምርጫ ኮርስ ይሉታል፤ መራጩ ግን ቢሮው ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ እነሱም ተማሪው እንዳይናፍቅ ስለሚያስቡለት ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ሲስቁባት ለምን እንደጠየቀች ተናገረች። ታላቅ እህቷ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ቤሩት ሄደች። ሰው ቤት ትሠራለች። ወንድማቸው ዲግሪ ይዞ ቤት ተቀምጧል። የቤቱን ወጪ የምትሸፍነው ያቺ ያቋረጠችው ናት። «ይሄ ለምን እንደሚሆን የሚያስተምር ኮርስ ካለ ብዬ ነው» አለች።

አለ እኮ! ያ ኮርስ ያ ነው! ደሞዝ በምን እንደሚወሰን፣ ትምህርት ገበያ ላይ መቼ ዋጋ እንደሚያወጣና መቼ እንደማያወጣ፣ ሰው ሥራ ፍለጋ ለምን አገር እንደሚለቅ፣ የመኖሪያ ፈቃድን ከአሠሪ ጋር በሚያስረው የካፋላ ሥርዓት አሠሪዋን መቀየር የማትችል ሠራተኛ ለምን መደራደር እንደማትችል። አሜሪካዊቷ ኢኮኖሚስት ክላውዲያ ጎልዲን እ.ኤ.አ. በ2023 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘችው የሴቶችን ሥራና ደሞዝ አጥንታ ነው። ይህች ልጅ ከቤቷ ይዛው የመጣችው ጥያቄ ምሁራን ዕድሜያቸውን የሚሰጡለት ጥያቄ ነው። እኛ ምን መለስንላት? «ኤግዚት ላይ አይወጣም።» የእህቷ ሕይወት ኤግዚት ላይ አይወጣም! ይህንን መልስ ያስተማራቸው ማነው? ከትውልድ ትውልድ ያነበብነውን ስላይድ የምናነብ፣ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪን ሰዓት አባካኝ የምንል እኛ መምህራን ነን። ሲኒየሮቹ አልፈጠሩትም። ተቀበሉት እንጂ።

ከጥያቄዋ ጋር ብቻዋን አይደለችም። የገበሬ ልጅ ሆኖ የአባቱ ሰሊጥ ለምን በነጋዴው ዋጋ እንደሚሸጥ ሲገርመው ያደገ ልጅ አለ፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራ ለምን እነሱ ሰፈር እንዳልደረሰ ማወቅ ይፈልጋል። አግሪካልቸራል ኢኮኖሚክስ ያለው ለእሱ ነው። የጋራ ግጦሽ ሲያልቅ ያየ አለ። አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤል የተሸለመችው ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ተስማምተው እንዴት እንደሚያቆዩ አጥንታ ነው፤ እሱ የመንደሩን ሽማግሌዎች እያየ ግማሹን ተምሮታል። የአገራችን የኢኮኖሚ ጸሐፊ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ስለ ንግድና ስለ አገር ሀብት ሲጽፍ ኤ የሚሰጠው አልነበረም። ምስኪን። ሲኒየር አላገኘም።

ጥፋተኛ ግን ፈተናው አይደለም። ኤግዚት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ሃምሳ ከመቶ ያመጣ ያልፋል ተባለ። ቢያንስ ዋና ዋናዎቹን ኮርሶች እንዲያውቁ ታስቦ ነው። የእኛ ሰው ግን ዝቅተኛውን መስመር ሲሰጡት ጣሪያ አድርጎ ይሠራበታል። አሁን የጥያቄ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ «ከምርጫ መልሶቹ ሲ ይበዛል» የሚል ምክርም አብሮ ይዞራል።

ደግነቱ ተንታኙ ዘንድሮም ተሳክቶለታል። ሴክሽኑ በሙሉ «ከሰዓቷን» ሞላ። ወንበር ጠበበ። ሌሎቹ ኮርሶች ተማሪ አልሞላም ተብለው ተዘጉ፤ ሌበርም አብራ ተዘጋች። ኮርስ የሚቀየርበት የአድ ኤንድ ድሮፕ ጊዜ አለፈ። ሁሉም ኤውን ከወዲሁ ግሬድ ሪፖርቱ ላይ አይቶ ተኛ።

ሰኞ ዕለት የመምህሩ ቪዛ መጣ።

ተንታኙ ደሚውን በትክክል ነው ያስገባው። ቪዛ የሚጠብቅ መምህር ደግ ነው፣ ልክ ነው። ቪዛው ሲመጣ ምን ይሆናል የሚለውን ግን ሞዴሉ አልጠየቀም። የተተካው መምህር አዲስ ነው። ገና ከማስተርሱ መምጣቱ ነው። የቀድሞ ባች የለውም። ያግባ አያግባ፣ የትኛውን ክለብ ይደግፍ፣ ወገቡን ያመው አያመው፣ አንድም ዳታ የለም። የመጀመሪያው ቀን ገብቶ ያቀረበው ጥያቄ ደግሞ «ይህንን ኮርስ ለምን መረጣችሁት?» የሚል ነበር አሉ።

ተንታኙ ትናንት ጥበቃው ጋ ሻይ ይዞ ቆሞ ታይቷል።