ማስተካከያ፦ ፓወር ሰፕላይ ቀይሩ ያልኩት ስህተት ነው
ባለፈው ጌም ላይ እያላችሁ ኮምፒውተሩ ድርግም ካለና ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ላይ ከርነል ፓወር 41 የሚል መልእክት ካያችሁ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) ሞቷል ቀይሩት ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ። 41 የሚለው በወጉ ሳይዘጋ ጠፍቶ እንደተነሳ ብቻ ነው፣ ምክንያቱን አይናገርም፣ መብራት ሄዶ ቢመጣም ያንኑ ነው የሚጽፈው። እኔም ቀይሬ ያው ሆነ፣ ብሬን በላሁት። በኋላ ስከፍተው የኮዬ ፈጬ አቧራ መቼስ ታውቁታላችሁ፣ የሲፒዩው (የዋናው ፕሮሰሰር) ሂትሲንክ፣ ማለትም ሙቀቱን የሚያወጣለት ብረት፣ ብርድ ልብስ የለበሰ ነው የሚመስለው፣ በሁለቱ መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ለካ ጌም ሲከፈት ሙቀቱ 100 ዲግሪ እየደረሰ ራሱን ለማዳን ነው የሚጠፋው። ጠርጌ አዲስ ፔስት ቀባሁት፣ አሁን 75 አካባቢ ነው፣ አልጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀቱን እዩ። በኔ ምክር የገዛችሁ ካላችሁ ይቅርታ።