ለባለ እርግጫዎቹ ምስጋና

የሰሜን ሸዋ ሰው ብልህ ነው። የሚጠራጠር ካለ በገበያ ቀን ደብረ ብርሃን በግ ተራ ይውረድ። አንዱን የመንዝ በግ ለመግዛት ጀርባውን ይዳብሳል፣ ላቱን በመዳፉ ይመዝናል፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ሄድ ይልና ተመልሶ ደግሞ ይዳብሳል። ለመቶ ብር ልዩነት ግማሽ ቀን ይከራከራል።

ይኸው ሰው ቪትዝ ሊገዛ ሲሄድ ግን ጨዋነቱ ይመጣበታል። ከሚሊዮን ብር በላይ በምታወጣ መኪና ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። መዳበስ ነውር ነው። የፊት ጎማዋን አንድ ጊዜ በእርግጫ ነካ ያደርግና «ጥሩ ናት» ይላል። አለቀ። ለዚህች እርግጫ ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ታትሟል። 2319 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ግን ጎንበስ ብሎ ማንበብ የጎሚስታ ሥራ ነው። የእኛ ሰው በጫማው ጫፍ ያውቀዋል።

ብቻውንም አይሄድም። የልዑካን ቡድን አለው። ድሮ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ አጎት፣ ቲክቶክ ላይ ስለ መኪና የሚያይ የሚስት ወንድም፣ «ቀለሟ ደስ ሲል!» ለማለት የመጣ ጓደኛ። ኮፈኑ ይከፈታል። ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ የለም። ኮፈኑ ይዘጋል። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ «ከሥሩ ወተት የመሰለ ነገር አለ፤ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል፤ የቴስታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ሳይሄድ አይቀርም» ብሎ ደስታውን የሚያደፈርስ ሰው አልተጋበዘም። መካኒክ ይዞ መሄድማ ሰውን መጠርጠር ነው። ሻጩ ይቀየማል። መካኒኩ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል! ለደላላው ሁለት ፐርሰንት ግን በደስታ ይከፈላል። ደላላው ምስጢር ያወጣላ።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። የያዛት ዶክተር ነው። ካልሆነ ደግሞ ሴት ናት። ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ቸኩሎ ነው እንጂ አይሸጣትም ነበር። ቀለሟ የፋብሪካ ነው፤ በሩ ላይ የተለሰነውን ስቱኮም ፋብሪካው ሳይሆን አይቀርም የለሰነው። ከሁሉ በላይ ግን «ጋራዥ ገብታ አታውቅም!» ይህን ሲሰማ የልዑካን ቡድኑ ፊት ይበራል። ሃያ ዓመት ሙሉ ዘይት ሳይቀየርላት፣ የፍሬን ሸራ ሳይነካላት የኖረች መኪና! እንዲህ ያለውን ተአምር ለገዳም ይሰጡታል እንጂ ይሸጡታል?

ኪሎ ሜትሯም የዋዛ አይደለም። 78,000 ይላል። እኛ ቪትዝ የምንላት፣ አውሮፓ ያሪስ የሚላት የመጀመሪያዋ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣች ናት። ይህችኛዋ ሃያ ዓመቷ ነው እንበል። ሲካፈል በዓመት 3,900 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በዓመት አሥራ አምስት ደርሶ መልስ ሄዳለች፤ ከዚያ ውጭ ንቅንቅ የለም፤ ዳቦ ቤት እንኳ በእግር ነው። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ብረቱ የታየው ምናልባት ዶክተሩ ቆሞ ሲረግጠው ኖሮ ይሆናል።

ሙከራውም ብልሃት አለው። በደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ፣ ሞተሯ ሳይነሳ መድረስ ይቻል ነበር። ቀዝቃዛ ሞተር መዋሸት አይችልም። ባትሪው ከደከመ ያቃስታል፤ ዘይት የሚበላ ከሆነ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ግን በዚያ ብርድ ማን ከጋቢው ይወጣል? አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ሻጩ አሙቆ ይጠብቃቸዋል። እንግዳ ተቀባይ ነን። ከዚያ ወደ ጫጫ በሚወስደው ሜዳ ትንሽ ተነድታ ትመለሳለች። ከደብረ ሲና ጣርማ በር ያለውን ዳገት የሚያነሳ የለም። ያ መንገድ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ትንሽ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ራዲያተርና ፍሪሲዮን የደበቁትን ሁሉ የሚናዘዙት እዚያ ነው። ኑዛዜ ደግሞ ለንስሐ አባት እንጂ ለገዢ አይሰማም።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህማ ጥድፊያው ብሷል። «ነገ አታገኛትም» ይባላል። የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ የባንክ ዕዳ ይኑርባት አይኑርባት ማጣራት ቀን ይፈጃል። ቦሎ ተለጥፎባት የለ? ታዲያ ምን ጎደለ?

የዚያኑ ዕለት ማታ ምርቃት አለ። በግ ይታረዳል፤ ጥርሱ ታይቶ፣ ላቱ ተመዝኖ። አጎት ቆመው ይመርቃሉ። በሳምንቱ መኪናዋ ዳገት ላይ ስትንተከተክ የልዑካን ቡድኑ ስልክ አይነሳም። ያልተጋበዘው መካኒክ ይጠራል። ቴስታው ይወርዳል። የጠየቀው ሁሉ ይከፈለዋል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ጥገናው ሲያልቅ ገዢያችን ለዚያው ደላላ ይደውላል።

«ልሸጣት ነው።»

«ማን ነበር የያዛት?»

«እኔ ነኛ።»

«ተው ወንድሜ፣ እህቴ ናት በል።»