«ግብር ሽሽት ነው» ለምትሉን

ሰሞኑን እዚህ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ አንድ የካቶሊክ ካህን ስብከታቸው መሐል «ቤተ ክርስቲያኒቱን ጥለው የሚወጡት እኮ ግብሩን ሽሽት ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ካቶሊክ ነኝ፤ ሳቁ ግን አልተዋጠልኝም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። የቤተ ክርስቲያን ግብር፣ ማለትም መንግሥት ከተመዘገበ አባል ላይ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰበስበው፣ እዚህ የገቢ ግብሩ 9 በመቶ ነው። የገቢ ግብር የሌለበት ሰው እሱንም አይከፍልም። ከበላዬ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤቴ ጡረታቸው ትንሽ ናት፤ ለዓመታት ሳንቲም አልተቆረጠባቸውም። እሳቸው ግን መውጣት ወደሚመዘገብበት ፍርድ ቤት ሄደው፣ መታወቂያቸውን አሳይተው፣ 30 ዩሮ ከፍለው ወጡ። ከፍለው! ገንዘቡን አስልተው የሚወጡ የሉም አልልም። እሳቸውን ግን ከዚያ ውስጥ አትክተቱብኝ።

የጀርመን ካቶሊክ ጳጳሳት ራሳቸው ያስጠኑት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ከ1946 እስከ 2014 ድረስ 3,677 ሕፃናትና ወጣቶች በቤተ ክርስቲያኒቱ አገልጋዮች ተደፍረዋል፣ ተነክተዋል። ያውም መዝገብ ላይ የተገኘው ብቻ። የተከሰሰውን ካህን ዝም ብሎ ሌላ ቁምስና (አጥቢያ) ማዛወር የተለመደ ነበር። በ2022 ከ520 ሺህ በላይ ካቶሊክ ወጣ። ያን ዓመት ግብሩ ጨምሮ ነበር እንዴ?

«የወጡትን እናናግራቸዋለን እኮ» ይሉኛል ደግሞ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰዎች። እንዴት አድርጋችሁ? ጎረቤቴ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ከቁምስናው ደብዳቤ መጣላቸው። መነጽራቸው ጠፍቶባቸው ወጥ ቤታቸው ቁጭ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሲጀምር አዝነናል፣ ምክንያትዎን ልንሰማ እንወዳለን ይላል። ጥሩ። ከዚያ ይዘረዝራል። ንስሐ የለም። ቁርባን የለም። ክርስትና እናት መሆን የለም። ቀንዲል (የሕሙማን ቅባት)፣ ለሞት ካልተቃረቡ በቀር የለም። ሳይጸጸቱ ከሞቱ ፍትሐትም ሊከለከሉ ይችላሉ። ጳጳሳቱ በ2012 ያወጡት ድንጋጌ ነው። ሰው «ምን አስከፋህ?» ተብሎ በዚያው ትንፋሽ «ፍትሐትህን እናስብበታለን» ይባላል? ለቅሶ ቤት ገብቶ ዕዳ መጠየቅ ማለት ይሄ ነው። ካህኑ ልጅ ሲነካ ቁምስና ተቀየረለት፤ ባልቴቷ ፎርም ስትፈርም ቁርባን ተከለከለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የጎረቤቴ ታናሽ ወንድም በልጅነቱ ቅዳሴ ያገለግል ነበር። ከዚያ በላይ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እምነታቸውን ትተዋል የሚል ካለ ይምጣና ወጥ ቤታቸውን ይይ። የእመቤታችን ሥዕል ግድግዳው ላይ አለች፤ መቁጠሪያው ተንጠልጥሎባታል፤ ዶቃው በጣት ሲቆጠር ኖሮ ነጥቷል። እኔ ላስተምራቸው አልወጣሁም። እሳቸው አወሩ፣ እኔ ሰማሁ፣ ቡናችንን ጠጣን። ስለ እግዚአብሔር ያነሱት ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ለሦስተኛ ቀን ስሄድባቸው።

ደብዳቤው ግርጌ ላይ «ይደውሉልን» ይላል። ቢሮው የሚከፈተው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነው።