ኤልተን ጆንን ለቀቅ!

አንድ ጸሐፊ እንግሊዛዊውን ዘፋኝና ፒያኖ ተጫዋች ኤልተን ጆንን ስለ ስንብት የኮንሰርት ጉዞው «ስንብት እያለ አምስት ዓመት ሙሉ ትኬት ቸበቸበ» ብሎ ወርፎታል። ኧረ ተው! ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ላይ ጉዞውን ሲጀምር 71 ዓመቱ ነበር። መሃል ላይ ኮሮና መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ዳሌው ታመመ፤ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። የተጓተተው በዚህ ነው። ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ላይማ የሳንባ ምች ይዞት እያለ መድረክ ወጣ። ድምፁ ጥፍት ሲልበት እንባው መጣ፤ ደግፈው አስወጡት። ለገንዘብ ብቻ እንዲህ ይኮናል?

እኔ የመጨረሻውን ኮንሰርት፣ የጁላይ 8 ቀን 2023ቱን፣ ስቶክሆልም አይቻለሁ። ቦታዬ ጣሪያው ሥር ስለነበር ፒያኖው የክብሪት ቀፎ ነው የሚያክለው። እውነቱን ለመናገር ስክሪን ሳይ ነው ያመሸሁት፤ ለዚያ ደግሞ የከፈልኩትን ባለቤቴ ባትሰማ ይሻላል። ድምፁም የድሮው አይደለም፤ ቀጫጭኑን ትቶ ወፍራሙን ይዟል። ጣቶቹ ግን ወይ ፍንክች! መጨረሻ ላይ በትንሽ ሊፍት ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣና ስክሪኑ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ስዊድናዊ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ፒያኖው ባዶውን ቀርቶ እንኳ የሚነሳ ሰው አልነበረም።